ለሚጡ መኪና ብረት አልጨምርም

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… አልሰማም፣ ቆይ አንዴ፣ የብረት መፍጫው እየጮኸ ነው… ወደ ውጭ ልውጣ…

— እሺ፣ አሁን ተናገር። አ፣ አንተ ነህ እንዴ? ቁጥርህን ሳላይ ነው ያነሳሁት። እጄ ስቱኮ በስቱኮ ሆኗል፣ ስልኩንም አጨማለቅኩት… ደህና ነኝ። ሚስቴም ደህና ናት፣ ቀለም ክፍል ነች። የአንድ ነጭ መኪና በር እየቀባች ነው… አዎ፣ ነጭ። አትሳቅ። ለኔ ነጭ ነጭ ነው። እሷ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ደባልቃ ሦስቴ ደፍታዋለች። «ይሄ የወተት ነው፣ ያኛው የኖራ ነው» ትለኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ መዶሻ ያዥ።

— አንተስ ምነው በዚህ ሰዓት? የሰው አፍ አስከፍተህ ትተኸው ነው?… እረፍት ወሰድክ? የጥርስ ሐኪም በሥራ ቀን እረፍት ሲወስድ ያስፈራል። ጥርሱ ያመመው ሁሉ የት ይግባ?

— ምን ገዛህ?

— … ድገመው እስቲ።

— ለሚጡ? ለኛዋ ሚጡ?… አስራ ስምንት እንደሞላትማ አውቃለሁ፣ ኬኩን አብረን አይደል የበላነው… ሁለት በር። ቀይ… አይ፣ ቀለሙን ምን አደርገዋለሁ። ጣሪያው ይከፈታል?… አይከፈትም፣ እሱስ ተመስገን። ጉልበቱ ስንት ፈረስ ነው?

— ወንድሜ፣ የኔ ፒክአፕ አሸዋ ጭኖ ዳገት የሚወጣው የዚያን ሲሶ በማይሞላ ጉልበት ነው። ሚጡ የምትጭነው ቦርሳዋን ነው።

— አልተቆጣሁም… አልተቆጣሁም አልኩህ፣ ድምፄ እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት ላሜራ ስቀጠቅጥ ጆሮዬ ስለጠፋ ነው የምጮኸው። አንተ ሁሌ ተቆጣ ትለኛለህ።

— እሺ… እሺ… በትምህርቷ አንደኛ ወጥታለች፣ ቃል ገብተህላት ነበር፣ ቃልህን አጥፈህ ዓይኗን ማየት አልቻልክም። ይገባኛል። አባት ነህ… ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። እንዲያውም እውነቱን ልንገርህ፣ እንደ ብረት ሠራተኛ ካየሁት የሚያስቀና ዕቃ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ መንገድ ይይዛል፣ ስትጠመዝዘው እሺ ይላል። ችግሩ እሺ ማለቱ ነው። አሮጌ መኪና እኮ ይከራከርሃል። ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሰማንያ ስትገባ «ተው እንጂ» ይልሃል። ያኛው ምንም ሳይል መቶ ሃያ ይደርሳል፣ ልጅቷ ስልሳ ላይ ያለች ነው የሚመስላት።

— ባለፈው ወር የፋርማሲስቷ ልጅ የዚያን ዓይነት አምጥቶልኝ ነበር። እየሮጠ እንዳይመስልህ። ከግቢው እየወጣ፣ ዝናብ አካፍቶ፣ ነዳጁን ትንሽ ረገጥ ቢያደርገው የኋላው ጎማ ፊተኛውን ልቅደም አለ። ሄዶ የጎረቤቱን አጥር ሳመ… ማንም አልተጎዳም፣ አጥሩ ብቻ። ልጁ ግን እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ውሃ ስሰጠው ግማሹን ሱሪው ላይ ደፋው። ሃያ ዓመቱ ነው፣ ከሚጡ ሁለት ዓመት ይበልጣል።

— ለዚሁ ነው የደወልኩልህ ትለኛለህ… እሺ፣ ከኔ የፈለግከው ምንድን ነው?

— …

— ሄሎ… አይ፣ አለሁ። መስመሩ አልተቋረጠም። ሰምቼሃለሁ።

— ቆይ፣ ወደ ጓሮ ልዙር፣ እዚህ ሰው አለ…

— እስቲ አንድ ባንድ ንገረኝ፣ እንዳልሳሳት። ከፊት ብረት። እሺ። ሁለቱ በሮች ውስጥ ብረት። ከሾፌሩ መቀመጫ ስር ሻንሲው ላይ ሌላ ብረት። ለልጄ እንደበየድኩት። እሱን ነው የምትለኝ… «ያ መኪና ታንክ ነበር» ትላለህ። ነበር። እውነትህን ነው፣ ታንክ ነበር።

— አልችልም።

— ሥራ በዝቶብኝ አይደለም… መሣሪያማ አለኝ። ለወንድሜ ልጅ ሰንፌ ይመስልሃል? ቀለሙን ቀይርልኝ ብትለኝ ዛሬውኑ ትቀይርልሃለች፣ መስታወቱን አጥቁርልኝ ብትለኝ አጠቁረዋለሁ። ብረት ግን አልጨምርም… ምክንያቱማ… አሁን ምክንያቱን ተወው። የታላቅ ቃል ነው ብለህ ውሰደው… አዎ፣ አውቃለሁ፣ አድገሃል። ፀጉርህም ሸሽቷል። ቢሆንም።

— ስለ ጥርስ አስተምሬህ አውቃለሁ? አንድ ቀን እንኳን «ይህን ተወው፣ ያንን ንቀል» ብዬህ አውቃለሁ? ታዲያ በብረት ምን… ቆይ፣ ቆይ። የምን ድምፅ ነው እሱ?

— ሞተር አይደለም? መኪና ውስጥ ነህ… ወደኔ እየመጣችሁ ነው? አሁን? በዚያው በቀዩ?

— ታዲያ እየነዳህ ነው የምታወራኝ?

— … አንተ ካልነዳህ ማነው የሚነዳው?

— … ሚጡ ናት።

— ስማኝ። ድምፅህን ሳትለውጥ፣ ሳታስደነግጣት፣ ዳር ይዛ እንድታቆም ንገራት… ፈቃድ እንዳላትማ አውቃለሁ፣ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ወረቀቱ እንኳን አልታጠፈም። አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ከኔ ጋር ስትጨቃጨቅ ዓይኗ መንገድ ላይ ቢሆን ጆሮዋ እኛ ዘንድ ነው። ካልቆመች አንዲት ቃል አልናገርም… የት ደርሳችኋል? እንግዲያው ነዳጅ ማደያው አለ፣ በስተቀኝ፣ ሰፊ ነው፣ እዚያ ትግባ። ፍሬቻዋን ታብራ… እጠብቃለሁ። ዝም በላት፣ ራሷ ታዙረው…

— እናንተ! ያንን መፍጫ አንዴ አጥፉልኝማ። የቤንዚን ጠርሙሱንም ከፀሐይ አንሱት… እግዜር ይስጥልኝ።

— ሄሎ… ቆመች? ሞተሩን አጥፉት። ቁልፉን አንተ ያዘው… አሁን ደህና። አሁን መተንፈስ ይቻላል።

— እሷ ራሷ ናት ያቆመችው? ቀስ ብላ ነው የገባችው? ጎበዝ። ንገራት፣ ጎበዝ ብሎሻል በላት።

— ቆይ፣ ሚስቴ መጣች። የቀለም ጭንብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መጥታለች፣ ጩኸቴን ሰምታ ነው… ታናሼ ነው፣ እሜቴ። አይ፣ ማንም አልተጎዳም። ለሚጡ መኪና ገዝቶላት ነው… የስፖርት… እህ… «እግዜር ይጠብቃት» ትላችኋለች።

— … «እንደ ልጃችን እንዳትሮጥ ንገራት» ትላለች።

— ሰማሃት?

— … አንተም እንዲሁ ነው ያልካት? ለሚጡ? «የአጎትሽ ልጅ በፍጥነት ነው የሞተው፣ አንቺ እንዳትደግሚው» ብለህ… በየቀኑ? መንዳት መማር ከጀመረች አንስቶ?

— … የለም፣ ክፉ አላደረግክም። የሰማኸውን ነው ያልካት።

— ቆይ፣ አንዴ ልራመድ። እዚህ ግቢ መቆም አልቻልኩም፣ ጎማ ነው፣ በር ነው፣ በየት በኩል ይታለፋል… 

— አንቺ፣ ሂጂ ቀለሙ ይደርቅብሻል… ሂጂ፣ ነገሩን እጨርሳለሁ… ቆይ። አትሂጂ። ነይ፣ እዚህ ባልዲው ላይ ቁጭ በይ። ያንቺም ነገር ነው። ከማንም በፊት ያንቺ ነበር።

— አለህ? ስልኩን ለሚጡም እንዲሰማ አድርገው። ትስማ፣ ግድ የለም። እንዳታቋርጠኝ ብቻ። ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።

— ያንን መኪና ለልጄ ስሠራለት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። እሁድ እሁድ ነበር የምሠራው፣ እሱ ባትሪ ይዞ ያበራልኛል፣ እኔ እበይዳለሁ። አሮጌ ነው፣ ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ብስክሌት ይቀድመዋል። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። ሁላችሁም «ይሄ ነው አባት» አላችሁኝ። እኔ ግን ቀርፋፋነቱ አልበቃኝም። በየቀኑ ደጄ የሚመጣው የተጨማደደ መኪና ነው። ሰው ቡናማ ነው ቀይ ነው ብሎ ያያል፣ እኔ የታጠፈ ኮፈን ሳይ ውስጡ የታጠፈ ሰው ነው የሚታየኝ። ስለዚህ የልጄ እንዳይታጠፍ አደረግኩት። ከሻንሲው ተነስቼ እስከ ፊት ፓራውልቱ የእጄን ክንድ የሚያህል ብረት በየድኩ። በሮቹንም። ሠርቼ ስጨርስ በመዶሻ መታሁት፣ መዶሻው ነጥሮ ሊመታኝ ነበር። ሳቅን። ልጄም ሳቀ።

— ድልድዩ ላይ አደጋው የደረሰ ዕለት መኪናውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጎትቼ ያመጣሁት እኔ፣ ሸራ አልብሼ እዚህ ጓሮ ያቆምኩት እኔ፣ በኋላ ቆራርጬ የጣልኩትም እኔ። እሷ እንዳታየው ብዬ ነው አልኳችሁ። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ምንም አልሆነም። ፓራውልቱ ተጣሟል። አንድ መብራት ተሰብሯል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የፊት መስታወቱ ጭረት የለበትም። ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ተነሳ… አዎ፣ ተነሳ። ከድልድዩ እዚህ ድረስ ነድቼ መምጣት እችል ነበር።

— ልጁ ቀበቶ አስሮ ነበር። ሐኪሙ ያለውን አንተ ነህ ያስረዳኸኝ፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ እጄን ይዘህ። ከላይ ምንም የለውም፣ ደረቱ ውስጥ ነው የተጎዳው አልከኝ። እኔ ያኔ ጠረጠርኩ እንጂ ማመን አልፈለግኩም። ያመንኩት ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያንን ብረት በመፍጫ ስቆርጠው። የበየድኩት ቦታ አንዱም አልተላቀቀም። አንዱም። ሥራዬ ልክ ነበር።

— መኪና ሲጋጭ ፊቱ መታጠፍ አለበት። እየታጠፈ ምቱን ይበላዋል። እኔ እንዳይታጠፍ ከለከልኩት፣ ብረቱ ያልበላውን ወደ ውስጥ አሳለፈው። ውስጥ ያለው እሱ ነው… ደንበኞቼ «አዳዲሱ መኪና ለምን እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል?» ሲሉኝ «የድሮ ብረት ቀረ» እያልኩ አሾፍ ነበር። ሠላሳ ዓመት እንዲያ እያልኩ። ባትላሜራ ነኛ፣ ከብረት ሌላ የማምነው ምን አለኝ።

— ሄሎ… ትሰማኛለህ? እዚያ ናችሁ?

— … አይ። «በዚያ ፍጥነት ማንም አይተርፍም» አትበለኝ። አታጽናናኝ። የምመጣው እዚያ ላይ ነው።

— ቁጭ በይ እባክሽ። ልጨርሰው። እንደዚያ አትይኝ።

— ፍጥነት አልነበረም። «ፍጥነት ነው» ያለው ሰው ነው። ትራፊክ ፖሊሱ «መቆጣጠር አቅቶት» ብሎ ጻፈ፣ ሰው «ሲበር» ብሎ አነበበው። ወጣት ልጅ፣ መኪና፣ ድልድይ፣ ሌላ ምን ይበል? ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «የዘንድሮ ልጆች» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ነቀነቅኩ። አንዴ ነው የነቀነቅኩት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ልጄ ሮጦ ከሆነ ብረቱ ንጹሕ ነው። እኔም ንጹሕ ነኝ። ገባህ?

— ልጄ በሞተ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ዳቦ አከፋፋይ ነው፣ ብስክሌቱ ኋላ ላይ ትልቅ ቅርጫት ያሰረ። በሩ ላይ ነው ያገኘሁት። ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ያዞረዋል። ድልድዩ ላይ እኔ ነበርኩ አለኝ። ጎማዬ ጉድጓድ ገብቶ መሀል መንገድ ወደቅኩ፣ ዳቦው ተበተነ፣ ልጁ እኔን ላለመምታት መሪውን ጠመዘዘና ግንቡን መታ አለ። ቀጥሎ ያለኝን ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። «ጌታዬ፣ ልጅዎ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው። ሮጦ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም።» እናቱን ላግኛትና እኔው ልንገራት አለ።

— አላስገባሁትም።

— «ተኝታለች» አልኩት። አልተኛችም ነበር። ልቅሶዋ ውጭ ድረስ ይሰማል፣ እሱም ሰምቶታል። ፊቴን አየኝ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። አልነዳውም፣ እስከ መታጠፊያው እየገፋው ነው የሄደው።

— … አራት ዓመት። ከሥራ በገባን ቁጥር ሚስቴ የልጃችን ፎቶ ፊት ትቆምና «ምን አስቸኮለህ?» ትለዋለች። አዝና አይደለም፣ ተቆጥታ ነው። እኔ መታጠቢያው ጋ ነኝ፣ ስቱኮ አልለቅ አለኝ እያልኩ እጄን እፈትጋለሁ፣ እሷ ጨርሳ እስክትሄድ። እጄ ንጹሕ ነው፣ እኔ እፈትጋለሁ።

— …

— አይ፣ አንተ ምን አጠፋህ። ማንም አላወቀም… አታልቅስ፣ ልጅቷ አጠገብህ ናት። 

— የጠየቅከኝን ልመልስልህ። ብረት አልጨምርም። ሌላ ባትላሜራ ጋ እንዳትወስደው ደግሞ። እሺ ብሎ ይበይድልሃል፣ እንደኔው ደግ ሰው ነው። መኪናው ሲሠራ እንዲታጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ተዉት ይታጠፍ። ለሚጡ ግን እንዳለም አይሆንም። ክፉ ዕቃ ሆኖ አይደለም። አምስት ዓመት ከነዳች በኋላ ትምጣና እኔው አብሬያት ልምረጥ። አሁን ዝናብ ላይ ጎማ ሲንሸራተት እግሯ ምን እንደሚያደርግ እሷም አታውቅም፣ አንተም አታውቅም። ለሸጠልህ ሰው መልስለት። ትንሽ ነገር ፈልግላት፣ አሰልቺ፣ ጓደኞቿ ዞረው የማያዩት፣ ኤርባጉ ሙሉ የሆነ። ባትላሜራ ያልነካው። እኔም ያልነካሁት።

— ስጣት እስቲ። ልስማት።

— ሚጡ… አለሁ የኔ ልጅ። አልተቆጣሁሽም… አዎ፣ ያምራል፣ አየሁት ባልልሽም እንደሚያምር አውቃለሁ። ቀይ ደግሞ ያምርብሻል… ጠይቂኝ። ምንም ጠይቂኝ።

— …

— ስንት ላይ ነበር የሚነዳው ነው ያልሽኝ?

— አርባ። ቢበዛ አርባ። ከዚያ በላይ ነድቶም አያውቅም። ጓደኞቹ እየሄደ ካለ መኪናው ወርደው ከጎኑ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፣ ሊያሾፉበት። እሱም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ደህና ዋሉ፣ ወዴት ናችሁ?» ይላቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር። ይህን ስንት ሰው ጠይቆኝ ያውቃል ብትዪኝ… ማንም። አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

— እሷማ እዚህ… ባልዲው ላይ ነበረች፣ ተነስታለች። ቆይ፣ እየጠየቀችኝ ነው…

— የሰውየውን ስም አላውቀውም። አልጠየቅኩትም… የዳቦ ቤቱን ብቻ ነው የማውቀው፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው፣ ሰማያዊ በር… እኔ እንጃ፣ ዛሬም እዚያ ይሠራ ይሆናል። አራት ዓመት እኮ ነው… አሁን እንሂድ? የነጩ መኪና በር ቀለሙ እርጥብ ነው እኮ… እሺ። እሺ አልኩ።

— ሚጡ፣ ለአባትሽ ንገሪው፣ ከማደያው ስትወጡ መሪውን እሱ ይያዝ። እንባ በዓይኑ ካለ ግን ይቆይ፣ ሻይ ነገር ጠጡና… እሷማ ወደኔ ሳትዞር ሄዳለች። የቀለም ልብሷን እንኳን ሳታወልቅ የፒክአፑን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሳች።

— ልዝጋው የኔ ልጅ። አስነስታዋለች። ካልሮጥኩ ትታኝ ትሄዳለች።